የሰው ወርቅ አያደምቅ

“በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል” ይላል ያገሬ ሰው። እኛ የዛሬዎቹ ጎንደሬዎች ግን ከተረቱም ብሰን ተገኝተናል። በእጃችን ያለውን ብር እንደ መዳብ ቆጥረን ጥለን፣ ወርቅ የተቀባውን መዳብ እንደ ወርቅ ቆጥረን አንስተናል። ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም። ጥር ገብቶ ሠርግ በሠርግ ላይ ሲደራረብ፣ ከፒያሳ እስከ አዘዞ ባሉት የሙሽራ ልብስና ጌጥ አከራዮች ደጃፍ ለግማሽ ቀን የቆመ ሰው ምስክሬ ነው።

ምን ያያል? መታወቂያዋን አስይዛ ጌጥ የምትከራይ ሙሽራ ያያል። በግንባሯ ላይ የምታርፍ እንክብል፣ ከጆሮ ጉትቻ ተነስቶ ፀጉር ውስጥ የሚሰካ ሰንሰለት፣ በወገብ ላይ የሚታሰር ሰፊ ቀበቶ፣ እስከ እምብርት የሚወርድ የአንገት ሐብል፣ ሁሉም ቢጫ፣ ሁሉም ቀላል፣ ሁሉም ነገ ጧት ተመላሽ። ሙሽራዋ ፎቶ ትነሳለች፤ ሚዜዋ ደግሞ አንዲት ፍሬ ረግፋ መያዣው እንዳይወረስ ስትቆጥር ታመሻለች። ለመሆኑ ይህ ማጌጥ ነው ወይስ ዘብ መቆም? “ሲያጌጡ ይመላለጡ” የተባለው እንዲህ ላለው ቀን ሳይሆን አይቀርም።

እርግጥ ነው፣ ተከራይቶ መዳር ነውር አይደለም። ኑሮው ይታወቃል። የኔ ጠብ ከተከራየችው ልጅ ጋር አይደለም። ጠቤ፣ እቤቷ ሣጥን ውስጥ የአያቷ ድሪና አልቦ ተቀምጦ ሳለ “ያንን አውልቀሽ ጣይ” ከሚሏት አዋቂ ነን ባዮች ጋር ነው። እነሱን ደጋግሜ ጠይቄያለሁ። የሚሰጡኝ መልስ ሦስት ነው። አንደኛ፣ “ባህላችን ወርቅ ነው”። ሁለተኛ፣ “ብር የድሃ ነው”። ሦስተኛ፣ “ብር ፎቶ ላይ አይወጣም”። ጋዜጠኝነት ስማር ካተረፍኳቸው ጥቂት ልማዶች አንዱ፣ ሦስት ሰው አንድ ዓይነት መልስ ሲሰጠኝ መልሱን ማን እንዳስጠናቸው መጠየቅ ነው። እንግዲህ መልሶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

“ባህላችን ወርቅ ነው።” የማን ባህል? በነገሥታቱ ዘመን ወርቅ የቤተ መንግሥትና የታላላቅ መኳንንት ጌጥ ነበር። ባላገሩና ነጋዴው ልጁን የዳረው በብር ነው። ይህን የምለው ወርቅ በአገራችን አልነበረም ለማለት አይደለም። በትግራይ ሙሽሮች ግንባር ላይ የሚታየው የወርቅ ጌጥ ነባር ነው፤ በግንባር ላይ ያየነውን ሁሉ “የህንድ ነው” ብሎ መጮህም ሌላ አላዋቂነት ነው። ነገር ግን የጎንደርንና የሰሜንን ደጋ ሙሽራ ያስጌጣት ብር እንጂ ወርቅ አልነበረም። ይህን ለማወቅ የታሪክ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ የገንዘባችንን ስም መጥራት ይበቃል። ብር! ገንዘባችንን በማዕድኑ ስም የምንጠራ ሰዎች፣ ማዕድኑን በሙሽራ አንገት ላይ ስናየው አፈርንበት።

አያቶቻችን ጠገራ ብር ይሉት የነበረው የኦስትሪያዋ የማሪያ ቴሬዛ ገንዘብ ነው። ሴትዮዋ በ1780 እ.ኤ.አ. ሞተች፤ ገንዘቡ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ ከሞተች በኋላም ሲመታ ኖረ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በራሳቸው መልክ ብር ቢያስመቱም ሕዝቡ ጠገራውን አልለቅም ብሎ አስቸግሯቸዋል። ጠገራው ከሕጋዊ ገንዘብነት የተሰናበተው በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ነው። እስከዚያ ድረስ ገንዘብም፣ የጌጥ ጥሬ ዕቃም ሆኖ አገልግሏል። ስምንት ጠገራ ለአንጥረኛ የሰጠ አባት 224 ግራም ያህል ብር በልጁ አንገት ላይ አሰረ ማለት ነው። ሚዛኑ በጠገራ ቁጥር ስለሚታወቅ ማንም ማንንም አያታልልም። ሲደላ ጌጥ፣ ሲቸግር ገንዘብ። የዛሬው የኪራይ ቢጫ ሲቸግር ምን ይሆናል?

እስቲ ደግሞ የተሠራበትን መንገድ እናስታውስ። አንጥረኛው ከሰሉን በወናፍ አናፍቶ፣ ብሩን በሸክላ ማቅለጫ አቅልጦ፣ እንደ ክር እስኪቀጥን ድረስ ስቦ፣ ክሩን በክር ጠምዝዞ፣ ከጤፍ ፍሬ የማይተልቁ እንክብሎችን አንድ በአንድ እየበየደ ነው ድሪውን የሚያወጣው። ሌላው ዘዴ ቅርጹን መጀመሪያ በሰም መሥራት ነው። ሰሙ በጭቃ ይሸፈናል፤ እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ የቀለጠው ወርቅ ወይም ብር ይፈስሳል። ጎንደር የምትኮራበት ቅኔ “ሰምና ወርቅ” የሚለውን ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከአንጥረኛው ጎጆ ነው። ቅኔውን እያደነቅን አንጥረኛውን የረሳን ሰዎች፣ ሰሙን ይዘን ወርቁን ጥለናል ብል ማን ይከራከረኛል?

“ብሔራዊ ቅርስ” የሚለው ቃል በየስብሰባው ሲወረወር ስሰማ የምታስበኝ አንዲት እመቤት አለች። የሰሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ልጅ፣ እቴጌ ጥሩወርቅ። አባቷ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በካሳ ኃይሉ ተሸነፉ፤ ካሳም እዚያው ደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ኋላም ጥሩወርቅን አገቡ። መቅደላ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ስትወድቅ እንግሊዞች ከጽዋና ከዘውዱ ጋር የመኳንንቱንም ጌጥ ወሰዱ። የእቴጌይቱ ነው ተብሎ የሚታመነው ቀሚስ ዛሬ ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ይገኛል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የመቅደላ 150ኛ ዓመት ሲታሰብ ከሌላው ዝርፊያ ጋር ለሕዝብ ታይቷል። ይመለስልን ብለን ጮኸናል፤ ትክክል ጮኸናል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። የእሷ ጌጥ በጦር ተዘረፈ፤ የእኛስ? ድሪውን በኪሎ መዝኖ ለደላላ ያስረከበው የትኛው ጄኔራል ነው?

አሁን ወደ ሁለተኛው መልስ ልለፍ። “ብር የድሃ ነው።” ይህን ቃል በገዛ ዘመዶቼ ቤት ሰምቼዋለሁ። ከደባርቅ በላይ የምትኖር አንዲት አክስቴ፣ ለልጇ ሠርግ የእናቷን ድሪ ከነአልቦው ለአንድ ዟሪ ነጋዴ ሸጠች። ነጋዴው “ያረጀ ነው፣ ጠቁሯል” ብሎ አስረክሶ ወሰደው። በተቀበለችው ገንዘብ ወርቅ ቅብ ሙሉ ስብስብ ገዛች። ከሁለት ክረምት በኋላ ቅቡ ተላጠ፤ ከሥሩ ያለው መዳብ አረንጓዴ አወጣ። ልጅቷ አንገቷ ላይ ሽፍታ ወጣባትና አውልቃ ጣለችው። ጌጡ ዛሬ የሕፃናት መጫወቻ ነው። ድሪው የት እንደደረሰ ግን የሚያውቅ የለም፤ ወይ ቀልጧል፣ ወይ በአንድ ፈረንጅ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እንግዲህ አንባቢ ይፍረደኝ፤ የድሃ የሆነው የትኛው ነበር?

የብርን ጥቁረት ቆሻሻ ያደረገውም የነጋዴ ምላስ ነው። ብር በአየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል፤ ጠባዩ ነው። በለስላሳ ጨርቅ ሲታሽ ጉብ ጉብ ያለው ይበራል፤ ጎድጎድ ያለው ጠቁሮ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ነው የአንጥረኛው ሥራ ቁልጭ ብሎ የሚታየው። ጥቁረቱን ጨርሶ አጥቦ እንደ ቆርቆሮ ማንጣት ዕድሜውን መፋቅ ነው። ደግሞም የማይጠቁረውን ሁሉ አትመኑ። “የጀርመን ብር” እየተባለ ለቱሪስት የሚቸበቸበው የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ድብልቅ ነው፤ ቅንጣት ብር የለበትም።

ሦስተኛው፣ “ብር ፎቶ ላይ አይወጣም” የሚለው መልስ ከሦስቱ የተሻለ እውነት አለበት። ብር በነጭ ጥበብ ላይ ሲያርፍ ይጠፋል፤ ነጭ በነጭ ነውና። ጥፋቱ ግን የብሩ ሳይሆን የአልባሹ ነው። የቀድሞዎቹ እናቶች ብርን በጨርቅ ላይ አልዘረጉትም፤ በቆዳ ላይ ነው ያሳረፉት። በጠይም አንገት፣ በእንሶስላ በተሞቀ እጅ፣ በጥቁር ሹሩባ ውስጥ፣ በጥቁር ካባ ላይ ያስቀመጡት ብር ፎቶ ላይ አይወጣም የሚል ፎቶ አንሺ ካለ ሙያውን ይፈትሽ።

እዚህ ላይ፣ አንዳንድ ሰው “ይቺ ሴት ህንዶችን ልትሰድብ ነው” ብሎ ሳይጠብቀኝ አይቀርም። በፍጹም። ህንድ ለጎንደር እንግዳ አይደለችም። ጎንደር ከመቆርቆሯ አስቀድሞ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ የደንቀዝ ቤተ መንግሥት ሲሠራ የህንድ ግንበኛ እንደተካፈለ ዜና መዋዕሉ ያወሳል። በምጽዋ ወደብ ባንያን የሚባሉት የህንድ ነጋዴዎች ጨርቁንና ሐሩን ሲያስገቡ ኖረዋል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ደግሞ ከደቡብ ህንድ፣ ከኬረላ የመጡ መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ ሒሳብና ፊዚክስ አስተምረውናል። በ2008 ዓ.ም. ካና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማ በአማርኛ ማሰማት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የህንድም የቱርክም ሙሽራ በየሳሎናችን በየምሽቱ ትዳራለች። መዋዋስ አሮጌ ነገር ነው። የሚያሳዝነኝ መዋሳችን ሳይሆን ምን እንደምንዋስ አለማወቃችን ነው።

እስቲ የደቡብ ህንድን ሙሽራ ልብ ብላችሁ ተመልከቷት። በጆሮዋ ላይ እንደ ደወል የሚንጠለጠለው ጂሚኪ፣ በአንገቷ ላይ በማንጎ ቅርጽ የተደረደረው ማንጋ ማላይ፣ በወገቧ ላይ ያለው ኦዲያናም፣ ለእያንዳንዱ ስም አለው፣ ቦታም አለው። ከነዚህ መካከል “የቤተ መቅደስ ጌጥ” የሚባለው፣ ቀድሞ ለአማልክቱ ምስልና በመቅደስ ለሚጨፍሩት ሴቶች የሚሠራ ነበር፤ ከዚያ ወደ ሙሽሮች ወረደ። በታሚል ናዱ፣ ናገርኮይል አካባቢ ያሉት ሠሪዎች ሥራቸው በቦታው ስም በሕግ እንዲጠበቅ አስደርገዋል። የሌላ አገር ሰው ያንን ጌጥ “የናገርኮይል ነው” ብሎ መሸጥ አይችልም። የኛው ድሪ ግን “የጎንደር” የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ከየት እንደተመረተ በማይታወቅ ቆርቆሮ ተመስሎ ሲሸጥ የሚጠይቅ የለም። እንግዲህ ከህንዶች የምንዋሰው እንክብሉን ነው ወይስ ጠበቃነቱን?

ሌላም አለ። በህንድ ሕግና ልማድ ሙሽራዋ በሠርጓ የተሰጣት ጌጥ “ስትሪዳን” ይባላል፤ የሴቷ የግል ሀብት ማለት ነው። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1985 እ.ኤ.አ. በሰጠው ፍርድ ይህ ሀብት የሴቷ ብቻ እንደሆነና ባል ወይም አማት ሊቀማት እንደማይችል አጽንቷል። ድራማው ይህንን አያሳየንም። የሚያሳየን ማብለጭለጩን ነው። ደግሞም የጨለማውን ጎን አይነግረንም። እዚያው አገር ከሙሽራዋ ቤት ለወንዱ ቤት የሚጠየቀው ጥሎሽ በ1961 እ.ኤ.አ. በሕግ ቢከለከልም፣ “ወርቁ አነሰ” ተብለው የተሰቃዩና የሞቱ ሴቶች ብዙ ናቸው። ወርቅ በሠርግ ላይ የውድድር መለኪያ ሲሆን መጨረሻው ይህ ነው።

ይህን መጨረሻ እኛም ደጃፍ ላይ እያየነው ነው። በእኛ ልማድ ጥሎሹን የሚያመጣው ወንዱ ነው። በጥሎሹ ዕለት ልብሱና ጌጡ በሽማግሌ ፊት እየተነሳ ይታያል፤ ጎረቤትም ይቆጥራል። ቀድሞ “ድሪ አለ? አልቦ አለ?” ይባል ነበር። አሁን “ስንት ግራም ነው? ስንት ካራት ነው?” ሆኗል። የብር የውጭ ምንዛሪ ተመን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ የአንድ ዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆነ። በዓለም ገበያም የወርቅ ዋጋ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. በወቄት ከ4000 ዶላር አለፈ። በዚያው ወር የብር ዋጋ በወቄት 50 ዶላር ገደማ ነበር። ሒሳቡን አስሉት፤ በዚያን ጊዜ በአንድ ግራም ወርቅ ዋጋ ሰማንያ ግራም ያህል ብር ይገኝ ነበር። ጦርነትና ድርቅ በተፈራረቀበት በዚህ ደጋ፣ በሬውን ሸጦ ወርቅ የሚገዛ ጎረምሳ በምን ሊያርስ ነው? ዕቁብ አስቀድሞ በልቶ፣ ዕዳ ተሸክሞ ጎጆ የሚወጣ ሙሽራ፣ ፍቅሩን ከወለድ ጋር ነው የሚጀምረው።

እኛስ ሕግ የለንም? አለን። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ተጋቢዎች በጋብቻቸው ዕለት በግል የነበራቸው፣ ከጋብቻም በኋላ በስጦታ ወይም በውርስ ያገኙት ንብረት የግል ሆኖ እንደሚቀር ይደነግጋል። ክልላችንም በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። ችግሩ፣ የግል መሆኑ ያልተረጋገጠ ንብረት የጋራ ነው ተብሎ የሚገመት መሆኑ ነው። ስለዚህ የአያቷን ድሪ አጥልቃ የመጣች ሙሽራ፣ ድሪው በጋብቻ ውሉ ላይ ካልተጻፈላት፣ በፍቺ ቀን የእሷ መሆኑን ማስረዳት ይጠበቅባታል። የውል ሽማግሌዎች በሬና ላም እየቆጠሩ ሲያጽፉ የሙሽራዋን ጌጥ “የሴት ነገር” ብለው ያልፉታል። ከቶ ለምን? እህቶቼ፣ ከፎቶ አንሺው በፊት ውል ጸሐፊውን አስቡ። “አንድ የብር ድሪ፣ ክብደቱ ይህን ያህል፣ ከእናት እናት የመጣ” የምትል አንዲት መስመር፣ ከመቶ ፎቶ ትበልጣለች።

እስካሁን በወርቅ ቅብ ወዳጆች ላይ ዘመትሁ። አሁን ደግሞ ፊቴን በራሴ ወገን ላይ ላዙር። “ወይ ባህላችን! ወይ የጥንቱ!” እያልን ደረት የምንመታ ሰዎች እኛም ሁለት ዕዳ አለብን።

የመጀመሪያው ዕዳ የባለ እጁ ነው። ከጎንደር ወጣ ብላ በደባርቅ መንገድ ላይ የምትገኘውን ወለቃን የማያውቅ የለም። የወለቃና የአካባቢዋ ቤተ እስራኤል ብረቱን ቀጥቅጠው ማረሻና ማጭድ ያበጁልን፣ ሸክላውን ሠርተው ያበሉን፣ ሸማውን ሸምነው ያለበሱን ናቸው፤ ወርቅና ብር የሚያነጥሩም ነበሩባቸው። እኛስ ምን መለስንላቸው? “ቡዳ” አልናቸው። ዓይናቸውን ፈራን፤ እጃቸውን ግን ፈለግን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ግድም ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ቢያወጡም ስድቡ ከአዋጁ ረዘም ያለ ዕድሜ ኖረ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14000 የሚበልጡ ቤተ እስራኤል በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲጓዙ ሙያውም አብሮ ተሳፈረ። የመን ይህን ከእኛ በፊት አይታዋለች። በ1949 እና በ1950 እ.ኤ.አ. የየመን ይሁዲዎች ሲሄዱ አገሪቱ አብዛኞቹን ብር ሠሪዎቿን አጥታለች። ሄደው ኑሯቸው ተሻሻለ ከተባለ እሰየው። እኛ ግን ባለ እጅን እየናቅን በእጁ ሥራ መኩራራት እንደማይቻል ከዚህ ካልተማርን ከምን ልንማር ነው? ዛሬም ቢሆን “ልጄ አንጥረኛ ይሁንልኝ” የሚል አባት ስንት አለ? “ልጄን ለአንጥረኛ እድራለሁ” የሚልስ?

ሁለተኛው ዕዳ ከዚህ የከፋ ነው። ያ የምናደንቀው ድሪ በስንት ሕፃን አንገት ላይ ተንጠልጥሏል? ክልላችን ያለ ዕድሜ ጋብቻ እጅግ ከተስፋፋባቸው አካባቢዎች አንዱ መሆኑ የአደባባይ ምሥጢር ነው። አልቦው የሚከብዳት፣ ካባው የሚጎተትባት የዘጠኝና የአሥር ዓመት ሙሽራ በዚህ ደጋ ታይታለች። የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት መሆኑን ሕጉ በግልጽ ደንግጓል። ስለዚህ “የጥንቱ ይመለስ” ሲባል ሁሉም ይመለስ ማለት አይደለም። ጌጡ ይመለስ፤ ሕፃኗ ወደ ትምህርት ቤቷ ትመለስ። ብርን የምወደው የአንዲት አዋቂ ሴት ሀብት ሆኖ ሳየው ነው። የሕፃን እግር ላይ የገባ አልቦ ጌጥ አይደለም፤ እግር ብረት ነው።

ይህን ካልሁ በኋላ፣ “ታዲያ እንዴት እንልበሰው?” ለምትሉ እህቶቼ የማውቀውን ልንገራችሁ። ይህ የሊቅ ምክር አይደለም፤ የእናቶች ዓይን ነው።

ከራስ እንጀምር። ሹሩባው ወደ ኋላ ተጎንጉኖ ማጅራት ላይ ሲበተን፣ ወለባው፣ ማለትም የብር የፀጉር ጌጡ፣ በጉንጉኑ ውስጥ ይሰካል። ወለባ ከተሰካ ግንባር ባዶውን ይተው። ሁለቱም ካልተቻኮሉ ፊት ይታያል፤ ሁለቱም ከበዙ የሚታየው ጌጡ ብቻ ነው። ጆሮ ላይ ትንሽ ጉትቻ ይበቃል።

አንገት ላይ አንድ ዋና ነገር ይኑር። ወይ ጉሮሮ ሥር ጥብቅ የምትለው ማርዳ፣ ወይ ደረት ላይ የሚወርደው ድሪ። ማተብሽን አታውልቂ፤ ጥቁሩ ክር ለብሩ ጥላ ይሆነዋል። የጎንደር ቀሚስ ጥልፉ ከአንገት ጀምሮ በደረት የሚወርድ ከሆነ ድሪው ከጥልፉ ጋር እንዳይጋጭ አሳጥሪው፣ ወይም ጥልፉን አቅልይው። ሸማኔውንና ጠላፊውን ከማዘዝሽ በፊት ጌጥሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ቀሚስ ለጌጥ ይሰፋል እንጂ ጌጥ ለቀሚስ አይቀለጥም። ካባሽም በወርቅ ቀለም ክር የተጠለፈ ከሆነ ብሩ ይደበዝዛል፤ በነጭ ክር የተጠለፈ ጥቁር ካባ ብርን ያነሣዋል። ብርና ወርቅ ቅብን አንድ አንገት ላይ አትቀላቅይ፤ አንዱ ሌላውን ሐሰተኛ ያስመስለዋል።

እጅ ላይ አምባር፣ ከአምባሩ በታች እንሶስላ። የእንሶስላው ሥር ተወቅጦ እጅና እግር ላይ ታስሮ ሲያድር የሚያወጣው ቀይ ዳማ ቀለም ለብር የተፈጠረ ይመስላል። እግር ላይ አልቦ። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ መሬት የሚጠርግ ቀሚስ ለብሰው አልቦ ያጠልቃሉ። ቁርጭምጭሚት ካልታየ አልቦ ለማን ነው? ቀሚሱ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ይበል። ወደ አዳራሹ ስትገቢ ሙዚቃው ለአንድ ደቂቃ ዝም ቢል ደግሞ እንዴት ባማረ! አልቦ በዓይን ብቻ የሚታይ ሳይሆን በጆሮም የሚሰማ ጌጥ ነው። ዘመነኛው ድምፅ ማጉያ ይህን ከነጠቀን ቆይቷል።

ጌጥ የሌላት ሙሽራስ? ከዘመድ ትዋስ። የዘመድ ድሪ መዋስ ከኪራይ ይለያል፤ ድሪው ከነታሪኩ ነው የሚመጣው፣ አክስት ራሷ አጥልቃላት ትመርቃታለች። አለዚያም አንዲት መልካም የብር መስቀልና ሁለት አምባር ታሠራ፤ ከሃያ ቢጫ ሰንሰለት ትበልጣለች። ሙሽራው ለጥሎሽ የመደበውን ገንዘብ ከፍሎ ግማሹን ለአንጥረኛ ቢሰጥ፣ አንድ የሚጠፋ ሙያ አንድ ዓመት ዕድሜ ገዛ ማለት ነው።

በመጨረሻ የምጠይቀው ለየደጁ ነው። የባህልና ቱሪዝም ሹማምንት ጥምቀት ሲደርስ ብቻ ባህል ባህል ከማለት፣ በከተማውና በደጋው የቀሩትን አንጥረኞች ቆጥረው ይመዝግቡ፤ ወጣት አጠገባቸው አስቀምጠው ደመወዝ ይክፈሉ። “የጎንደር” የሚለው ስም በሕግ ይጠበቅ። ሽማግሌዎች በጥሎሽ ዕለት ካራት መጠየቅ ይተዉ፤ በውል ላይም የሴቷን ጌጥ ከነሚዛኑ ያጽፉ። እናቶች ደላላ በር ሲያንኳኳ ሣጥኑን ከመክፈታቸው በፊት ልጃቸውን ይጥሩ። ሙሽራዋ ደግሞ፣ አልባሿ “ያንን አውልቀሽ ጣይ” ስትላት፣ “እህቴ፣ ይሄ የኔ ነው፤ የአንቺው ነገ ተመላሽ ነው” ትበላት።

የሰው ወርቅ አያደምቅም። የራስ ብር ግን ያደምቃል፤ ሲቸግር ያበላል፣ ሲሞቱም ይወረሳል።